የትንንሽ ከተሞች ሬዲዮ ጣቢያዎች መዳከም

የአንዲት ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ሲዳከም ብዙ ጊዜ ድምፁ አይጠፋም። ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ማስታወቂያው ይነገራል፣ አቅራቢውም ይቀልዳል። ከተማዋን ግን በዓይኑ አይቷት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የተዘጉትን ጣቢያዎች ብቻ ቆጥሮ ነገሩን መመዘን ያሳስታል። ሂደቱ በብዙ አገሮች ይመሳሰላል፤ በደንብ የሚታየው ግን በአሜሪካ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አነስተኛ የኤኤም (ከኤፍኤም ቀድሞ የመጣው የስርጭት ዓይነት) ጣቢያዎች እንደ አሸን ፈሉ። የኤኤም ሞገድ በሌሊት ርቆ ስለሚሄድና የሌሎችን ስርጭት ስለሚረብሽ፣ ብዙዎቹ ፈቃድ የተሰጣቸው ለቀን ብቻ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋሉ። በክረምት ቀኑ ሲያጥር ስርጭታቸውም አብሮ ያጥራል። እንዲያም ሆኖ የከተማው ሰው ጉዳዩን የሚሰማው ከእነሱ ነበር፦ በረዶ ስለጣለ ዛሬ የትኛው ትምህርት ቤት ዝግ ነው? ማን አረፈ፣ ቀብሩስ የት ነው? የእህል ዋጋ ስንት ገባ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጨዋታ በቀጥታ ይተላለፋል። በተለይ የሚወደደው የግዢና ሽያጭ ፕሮግራም ነው። አንዱ ይደውልና «ያገለገለ ፍሪጅ አለኝ፣ በደንብ ይሠራል» ይላል፤ ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ ቀጣዩ ደዋይ ይገባል። ለሌላ ከተማ ሰው አሰልቺ ነው። ለዚያ ከተማ ሰው ግን ፍሪጁ የማን እንደሆነ ከድምፁ ይለያል።

ይህን ሁሉ የሚሸፍነው የአካባቢው ነጋዴ ነበር። የቤት ዕቃ መደብሩ፣ መኪና ሻጩ፣ የከተማው ባንክ በየወሩ ማስታወቂያ ይገዛሉ። ትልልቅ የሱቅ ሰንሰለቶች መጥተው እነዚህን ከገበያ ሲያስወጡ ጣቢያውም ደንበኞቹን አጣ። የሰንሰለት ሱቁ የማስታወቂያ በጀት የሚወሰነው ሩቅ ባለ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ትንሿን ጣቢያ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። የተረፈውን ገንዘብ በኋላ ጉግልና ፌስቡክ ወሰዱት። ብዙ ሰው ጥፋቱን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ይደፈድፋል። ኢንተርኔት ሲደርስ ግን በሽታው ቆይቶ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዝ የሚችለው 20 ኤኤምና 20 ኤፍኤም ጣቢያ ነበር። ሕጉ ይህን ጣሪያ አነሳው። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ። ግዢው ግን በብድር ነበር። ስሙን ወደ አይኸርትሚዲያ የቀየረው ይኸው ኩባንያ በ2018 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ኪዩሙለስ የተባለው ሌላው ትልቅ ኩባንያ ጥቂት ወራት ቀድሞት እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ዕዳ ያለበት ኩባንያ መጀመሪያ የሚቆርጠው ደግሞ ደመወዝ ነው።

ሰውን የተካው ዘዴ «ቮይስ ትራኪንግ» ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘፈኖቹና ማስታወቂያዎቹ ኮምፒውተር ላይ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። አቅራቢው በመሃል ያሉትን ክፍተቶች ብቻ በድምፁ ይሞላል። የአራት ሰዓት ፕሮግራም በግማሽ ሰዓት አካባቢ ተቀድቶ ያልቃል። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ፋይል ይዞራል። ስለከተማዋ ጥቂት መረጃ ይሰጠዋል፤ የመንገድ ስም ሲያበላሽ ግን ወዲያው ይነቃበታል።

የዚህ አሠራር አደጋ ሲነሳ ሁሌም የምትጠቀሰው ማይኖት ናት፣ የሰሜን ዳኮታ ከተማ። ጥር 18 ቀን 2002 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ የጭነት ባቡር ሐዲዱን ስቶ መርዛማ የአሞኒያ ጋዝ ለቀቀ። አንድ ሰው ሞተ፤ ከ300 በላይ ተጎዱ። በከተማዋ የነበሩት ስድስቱም የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የክሊር ቻናል ነበሩ። ፖሊስ ደውሎ ሰው ማግኘት አልቻለም። ኩባንያው በበኩሉ ሠራተኛ በሥራ ላይ ነበር፣ ችግሩ ፖሊስ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በአግባቡ አለመጠቀሙ ነው ብሎ ተከራከረ። ማንም ይሳሳት ማን፣ ነዋሪው በዚያ ሌሊት ከሬዲዮው የሚፈልገውን አላገኘም።

ያም ሆኖ ሕጉ ይበልጥ ላላ። የአሜሪካው የስርጭት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ጣቢያዎች በአካባቢያቸው ዋና ስቱዲዮ እንዲኖራቸው የሚያስገድደውን፣ 80 ዓመት ገደማ የቆየውን ደንብ ሻረ። በብሪታንያም የአካባቢ ዝግጅት ግዴታ ከቀነሰ በኋላ ባወር የተባለው ኩባንያ የገዛቸውን በርካታ ጣቢያዎች በ2020 በአንድ ስም ጠቀለላቸው። የዮርኩ ሚንስተር ኤፍኤምና የሃሮጌቱ ስትሬይ ኤፍኤም ስማቸው የጠፋው በዚህ ነው። በካናዳ ደግሞ ቤል ሚዲያ በ2024 ከጣቢያዎቹ 45ቱን ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ።

ኤኤም ተጨማሪ ጣጣ አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ስርጭቱን ስለሚረብሽ አንዳንድ አምራቾች መቀበያውን ከመኪናቸው አወጡት። ፎርድም ሊያወጣ አስቦ በ2023 ሐሳቡን ቀይሯል። ሌላም አለ። በአሜሪካ ሕግ ለ12 ተከታታይ ወራት ዝም ያለ ጣቢያ ፈቃዱ በራሱ ይቃጠላል። ስለዚህ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ እያሉ ፈቃዳቸውን የሚያቆዩ አሉ። በመዝገብ ላይ «በሥራ ላይ» ናቸው።

ክፍተቱን ለመሙላት የሚሞክሩት የማህበረሰብ ጣቢያዎች ናቸው። አሜሪካ ከ2000 ጀምሮ እስከ 100 ዋት ለሚደርሱ ንግድ ነክ ያልሆኑ ኤፍኤም ጣቢያዎች ፈቃድ ትሰጣለች። ድምፃቸው የሚደርሰው እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማስታወቂያ መሸጥ አይችሉም፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ብሪታንያ ውስጥም ከ300 በላይ የማህበረሰብ ጣቢያዎች አሉ። በአሜሪካ ገጠር ይበልጥ ከበድ ያለውን ሥራ ይዘው የቆዩት ግን በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉት ጣቢያዎች ነበሩ። ኮንግረሱ በሐምሌ 2025 ለሕዝብ ስርጭት የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። ትልልቆቹ ከተሞች ለጋሽ አያጡም። ገንዘቡ የበጀታቸው ዋና ምንጭ የሆነባቸው እንደ አላስካ ባሉ ሩቅ ቦታዎች የሚሠሩት ናቸው፤ ብዙዎቹም ወዲያው ሠራተኛ ወደ መቀነስ ገቡ።