የቤት ብድር ሂሳብን ማወቅ፦ የሐዋሳ የቤት ባለቤቶች ምን ብለው ይጠይቁ?

ሐዋሳ ውስጥ በባንክ ብድር ቤት የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ነው፤ በየወሩ የሚከፍለውን። ስንት ቀረህ ሲባል «ኧረ ገና ነው» ብሎ ያልፋል። ቀሪው ዕዳ፣ ወለዱና መቀጮው ግን ባንኩ ዘንድ ተመዝግቧል። ባለዕዳውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

መጀመሪያ የሚኬደው ውሉ የተፈረመበት ቅርንጫፍ ብድር ክፍል ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ቀሪ ሂሳቡን ሊነግር ይችላል፤ የወረቀቱ ፋይል ያለው ግን እዚያው ነው። ውላቸው ላይ «ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ» የሚል ያላቸው የድሮ ተበዳሪዎችም አይደናገሩ። ያ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል።

ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። «ስንት ቀረኝ?» ያለ ሰው አንድ ድምር ይነገረውና ይመለሳል። መጠየቅ ያለበት ዋናው ገንዘብና ወለዱ ተለይተው የተጻፉበት ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ነው። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። 500,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት የተበደረ ሰው በወር ወደ 7,000 ብር ይከፍላል። ከመጀመሪያው ክፍያ 6,250 ብሩ ወለድ ነው። ዕዳውን የሚቀንሰው 750 ብር ብቻ! ሁለት ዓመት ከፍሎ «ዕዳዬ ንቅንቅ አላለም» የሚል ሰው የግድ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም። ስቴትመንቱን ሲያይ ይገባዋል። ስህተት ካለም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

ዕዳውን ቀድሞ መዝጋት የሚፈልግ ደግሞ የመዝጊያ ሂሳብ ይጠይቅ፣ የሚከፍልበትንም ቀን ይናገር። ወለድ በየቀኑ ስለሚቆጠር የሰኞው ቁጥር ዓርብ አይሠራም።

ጥያቄው በደብዳቤ ቢሆን ይሻላል። ስም፣ የብድር ሂሳብ ቁጥር፣ የሚፈለገው መረጃና ስልክ ይጻፍበታል። በሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ «ደርሷል» ተብሎ ቀንና ማኅተም ይደረግበታል። «ነገ ተመለስ» ሲበዛ የሚያድነው ይህቺ ማኅተም ናት። መታወቂያ አይረሳ። በሌላ ሰው ስም የሚጠይቅ ሕጋዊ ውክልና፣ ወራሽ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

አድራሻን ማሳደስም ቀላል ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ፋይሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ከታቦር ወደ ቱላ ቤት ቀይሮ፣ ስልኩንም ለውጦ ለባንኩ ያልነገረ ሰው ወሬውን ከጎረቤት ሊሰማ ይችላል።

ዕዳው ሲያልቅ ስቴትመንቱ ዜሮ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም። የቤት መያዣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ እስኪሰረዝ ድረስ ቤቱ እንደታገደ ነው። ስለዚህ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለብዎ የሚገልጽ የባንክ ደብዳቤ)፣ የቤቱ ካርታና ለከተማው አስተዳደር የተጻፈ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ሦስቱንም ይቀበሉ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ እገዳው መነሳቱንም ራስዎ ሄደው ይዩ።