ዳኛ የሌለበት ቁልቁለት፦ ከውድድር ውጪ ያለው የፍሪስኪ ሕይወት

ፍሪስኪ የበረዶ ሸርተቴ ዘርፍ ነው። ተንሸራታቹ በምልክት በተከለለ መስመር ላይ ከሰዓት ጋር አይሽቀዳደምም፤ ገደሉን፣ ጉብታውን፣ አንዳንዴም የከተማ ደረጃ መደገፊያ ብረትን እንዳሻው ይጠቀምበታል። ዛሬ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ቢሰጥበትም፣ አብዛኛው ፍሪስኪ የሚከናወነው ዳኛ በሌለበት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙ ኢትዮጵያውያን የበረዶ ሸርተቴ ሲነሣ የሚታወሰው በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም ነው። የእሱ ዘርፍ ግን አገር አቋራጭ ነበር፤ እዚያ ርቀትና ሰዓት ይገዛሉ።

ፍሪስኪ ከመነሻው በውድድር ደንብ የተሰላቹ ሰዎች ሥራ ነው። በ1990ዎቹ የሞጉል ውድድር፣ ማለትም ጉብታ በሞላበት ቁልቁለት ላይ የሚደረገው፣ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ ሥር ነበር፤ በአየር ላይ መገልበጥ ክልክል ነበር። ወጣቱ ደግሞ ልቡን ለስኖውቦርድ፣ ሁለቱም እግር በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ለሚታሰርበት ሸርተቴ፣ ሰጥቶ ነበር። ካናዳዊው አሠልጣኝ ማይክ ዳግላስ፣ ጄ.ፒ. ኦክሌር፣ ጄ.ኤፍ. ኩሶን፣ ቪንሰንት ዶሪዮንና ሼን ሶክስ በካናዳው ብላክኮም ተራራ ላይ ስኖውቦርደኞች ወደሚዘሉበት ሜዳ ገቡ። «አዲሱ የካናዳ አየር ኃይል» የሚል ስም ወጣላቸው። ያስቸገራቸው መሣሪያው ነበር፤ የስኪያቸው፣ ማለትም በየእግራቸው የሚያስሩት ረጅም መንሸራተቻ፣ ጭራ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያርፉ በረዶው ውስጥ ይሰነቀራል። ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስኪ እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ የስኪ አምራቹ ሳሎሞን ተቀብሎ በ1998 «ቴንኤይቲ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ስሙ 1080 ዲግሪ፣ በአየር ላይ 3 ሙሉ ዙር ማለት ነው።

ውድድሩ ብዙም ሳይቆይ ተከትሏቸው መጣ። በ1999 ኤክስ ጌምስ የተባለው የድፍረት ስፖርቶች ውድድር ዘርፉን ሲቀበል የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው ራሱ ኩሶን ነበር፤ ሃፍፓይፕ (በግማሽ ቧንቧ ቅርጽ በተሠራ በረዶ ውስጥ የሚዘለልበት) እና ስሎፕስታይል (በብረትና በመዝለያ በተሞላ ቁልቁለት ላይ የሚደረገው) በ2014 በሶቺ፣ ቢግ ኤር (በአንድ ትልቅ መዝለያ ላይ የሚደረገው) ደግሞ በ2022 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ገቡ። ይህ ለስፖርቱ ገንዘብና ሥልጠና አምጥቷል፤ ተወዳዳሪዎቹም ድንቅ ናቸው። ነገር ግን የዙር ብዛት ለነጥብ ይመቻል። ሰውየው በአየር ላይ ሳይጣደፍ ሰውነቱን የሚይዝበት ሁኔታ፣ ወይም ሌላው አይቶ ያለፈውን ድንጋይ መሄጃ ማድረጉ፣ በነጥብ ለመመዘን ያስቸግራል። ለእኔ የፍሪስኪ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ለዚህ ነው ፊልም የሜዳሊያን ቦታ የያዘው። ኦክሌር ለ2011 በተሠራ ፊልም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ሸርተቴውን ከተራራ አውርዶ ሰፈር ውስጥ አስገባው፤ በቤቶች መካከል፣ በመንገድ ዳር፣ በደረጃ ላይ ያለማቋረጥ ይንሸራተታል። ለዓይን ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ከባድ ጉልበት ይጠይቃል። የመንገድ ተንሸራታቾች በረዶ በአካፋ እየዛቁ መነሻና ማረፊያ ይሠራሉ፤ ቁልቁለቱ ካነሰ ገመድ በሚጠቀልል ሞተር ተስበው ፍጥነት ያገኛሉ። ጥቂት ሰከንድ ለምትታይ ዝላይ ሌሊቱን ሙሉ እየወደቁ ይሞክራሉ። ዘበኛ ወይም ፖሊስ መጥቶ ካባረራቸው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ፈረንሳዊው ካንዲድ ቶቬ የሁለቱም ዓለም ሰው ነው። በ17 ዓመቱ፣ በ2000፣ የኤክስ ጌምስ ወርቅ ወሰደ፤ በ2007 አከርካሪው ተሰበረ፤ ተመልሶ በ2010 የፍሪራይድ፣ ማለትም ባልተስተካከለ የተራራ ቁልቁለት ላይ የሚደረገው ሸርተቴ፣ የዓለም ዙር አሸናፊ ሆነ። ከዚያ ውድድሩን ተወ። ካሜራ ራሱ ላይ አስሮ ባደገበት በላ ክሉዛ ሲንሸራተት የቀረጻቸው ቪዲዮዎች በሚሊዮኖች ታዩ፤ ስለ ስኪ ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉ እሱን አወቀው።

እንዲህ ያለው ኑሮ የሚሸፈነው በስፖንሰር ነው። ኩባንያው ስኪና ልብስ ይሰጣል፤ ለጥቂቶች ደመወዝና የጉዞ ወጪ ይከፍላል፤ በምላሹ ምስል ይፈልጋል። ኦክሌርና ጓደኞቹ በ2002 አርማዳ የሚባል የራሳቸውን የስኪ ኩባንያ አቋቁመው ነበር፤ በ2017 አሜር ስፖርትስ ገዛው።

ስፖንሰር የሌለው ብዙኃኑ ግን በወቅት ሥራ ይኖራል። እንደ ዊስለር፣ ሻሞኒ ወይም ጃክሰን ሆል ባሉ የሸርተቴ ከተሞች ሊፍት (ተንሸራታቹን ወደ ተራራው የሚያወጣውን ማመላለሻ) ይጠብቃል፣ ሕፃናት ያስተምራል፣ ማታ ምግብ ቤት ሳሕን ያጥባል። ከደመወዙ ይልቅ የሚፈልገው ነፃ የሊፍት ማለፊያና ባዶ ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን እንደ ባዘቶ የላላ በረዶ ሲወርድ ካደረ ማንም ሳይረግጠው መድረስ አለበትና። ትልቁ ፈተናው ኪራይ ነው። በእነዚህ ከተሞች ቤቱ ለቱሪስት ስለሚከራይ አንድ ክፍል ለብዙ መካፈል፣ መኪና ውስጥ ማደርም የተለመደ ነው።

በሰሜን በረዶው ሲያልቅ በቺሊ፣ በአርጀንቲናና በኒውዚላንድ ይጀምራል፤ አቅም ያለው ይከተለዋል። ኦክሌር በመስከረም 2014 ከስዊድናዊው አንድሬያስ ፍራንሶን ጋር በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ሳን ሎሬንዞ ተራራ ላይ ሳሉ የበረዶ ናዳ ሁለቱንም ገደላቸው። 37 ዓመቱ ነበር። ስፋት ያለው የበረዶ ስኪ እንዲለመድ ብዙ የደከመው ሼን ማኮንኪም በ2009 በጣሊያን ዶሎማይት ከገደል በስኪ ዘሎ ፓራሹት ለመክፈት ሲሞክር ሞቷል።

በውድድር ቦታ አዘጋጁ ቁልቁለቱን ይፈትሻል፤ ከዚያ ውጪ ፈታሹ ተንሸራታቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ማንም ያለ 3 ነገሮች አይወጣም፦ በ457 ኪሎኸርትዝ ምልክት የሚያስተላልፍና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶ ውስጥ ሰው የሚፈለግበት ታጣፊ ዘንግ፣ አካፋ። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ የሚያድነው ከሩቅ የሚመጣ ሄሊኮፕተር ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛ ነው። ጠዋት ጠዋት የናዳ ስጋት ማስታወቂያ ይነበባል፤ መለኪያው ከ1 (ዝቅተኛው) እስከ 5 (ከፍተኛው) ነው። ብዙ ሰው የሚያልቀው 5 በተባለበት ቀን ሳይሆን 3 በተባለበት ነው፤ 5 ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ 3 ሲባል ግን ሰማዩ ጠርቶ በረዶው ይጣራል። ጥሩ ቡድን ውስጥ ሽቅብ ለሰዓታት ተወጥቶም ቢሆን፣ አንዱ «ልቤ አልወደደውም» ካለ ሁሉም በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ።