ሪኮት ዊንዶው ምንድን ነው? የሮኬቱ ቀለም ለምን ተጨማደደ

የስፕሬይ ቀለም ጣሳ አዙራችሁ ጀርባውን ብታነቡ በደቃቅ ፊደል "ሁለተኛውን እጅ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነ ከ48 ሰዓት በኋላ" አይነት ነገር ታገኛላችሁ፣ አንዳንዱ 24 ሰዓት ይላል፣ አንዳንዱ ሌላ። ሰው ግን የክዳኑን ከለር ብቻ አይቶ ነው የሚገዛው። ከዛ ልጅ ለሳይንስ ክለብ ብሎ ሳምንት ሙሉ የለፋበት ሞዴል ሮኬት ሁለተኛው እጅ ሲያርፍበት ዓይናችሁ እያየ ተኮማትሮ ይጨማደዳል፣ ሁሉም "ቀለሙ ፎርጅድ ነው" ይላል። ፎርጅድ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው።

ሪኮት ዊንዶው ማለት አንድ እጅ ቀለም ከቀባችሁ በኋላ ቀጣዩን መደረብ የሚቻልበት ጊዜ ነው። ግራ የሚያጋባው ይሄ ጊዜ ሁለት ቦታ መሆኑ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ከዛ ለረጅም ሰዓት ይከለከላል፣ ከዛ እንደገና ይፈቀዳል። እኛ ደግሞ አንዱን እጅ ጠዋት ቀብተን ሁለተኛውን ከሰዓት በኋላ መድገም እንወዳለን፣ እሱ ቀጥታ ክልክሉ መሃል ላይ ነው የሚወድቀው።

ለምን እንደሚከለከል ለማወቅ ቀለሙ እንዴት እንደሚደርቅ ማየት ነው። ጣሳው ውስጥ ከለሩ አለ፣ ከለሩን የሚያጣብቀው ሬዚን አለ፣ ሬዚኑን የሚያቀጥነው ሶልቨንት አለ፣ ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ አለ። ላከር የሚባለው አይነት ሶልቨንቱ ተንኖ ሲያልቅ ደረቀ በቃ፣ ሌላ ስራ የለበትም፣ ለዛ ነው ቆይቶም ቢሆን ቲነር ስታስነኩት ተመልሶ የሚሟሟው። ኢናሜል ግን ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ ሶልቨንቱ ይተናል፣ ከዛ ሬዚኑ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰራል፣ ይሄ ሁለተኛው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። የሚጀምረውም ከላይ ነው፣ ምክንያቱም አየሩን ቀድሞ የሚያገኘው ላዩ ነው። የተፈላ ወተት ስልባቦት ሲይዝ አስቡት፣ ላዩ ቆዳ ሆኗል ስሩ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ኢናሜል እዚህ ደረጃ ላይ እያለ አዲስ እጅ ብትረጩበት የአዲሱ ሶልቨንት ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል፣ ቆዳው ያብጣል፣ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ወደ ላይ ይታጠፋል። መጨማደድ ማለት ይሄው ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከሆነ ቆዳው ገና ስላልያዘ አዲሱ እጅ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ እንደ አንድ ሽፋን ይሆናል። ከ48 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ሬዚኑ በደንብ ስለተሳሰረ ሶልቨንቱ መግባት አይችልም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይተናል።

"ነክቼው ደርቋል እኮ" የሚባል ነገር አለ። ጣሳው ላይ ሲነካ የሚደርቀው በ20 ደቂቃ ነው ሊል ይችላል፣ እሱ ጣት ላይ አይነካም ለማለት ነው እንጂ ስሩ ደርቋል ማለት አይደለም። የተሻለው መለኪያ አፍንጫ ነው፣ ሮኬቱን ጠጋ ብላችሁ ስታሸቱት አሁንም ቲነር ቲነር የሚል ከሆነ ሶልቨንቱ ገና እየወጣ ነው፣ ጠብቁ። ደግሞ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የክንፉ ስር ላይ፣ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉት፣ ምልክት ከተወ አልበቃውም።

እነዚህ ቁጥሮች ራሳቸው ድንጋይ ላይ የተቀረጹ አይደሉም። ጣሳ ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 50 ፐርሰንት እርጥበት ታስቦ ነው። ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ውስጥ በሐምሌ ወር ውጪ ስትቀቡ እርጥበቱ ከዛ በጣም ይበልጣል፣ ቀለሙም ይዘገያል፣ ላከር ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ ላዩ ላይ ነጭ ጉም መሳይ ነገር ይተውበታል። በብርዱ ወቅት ጋራዥ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ጭራሽ አትጀምሩ። በረዶ የሆነውን ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይቻላል፣ ፈልቶ የወረደ ውሃ ግን አይሆንም፣ ከ49 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም ተብሎ ራሱ ጣሳው ላይ ተጽፏል። ጋራዥ ካልኩ አይቀር፣ የሚገፋው ጋዝ በአብዛኛው ተቀጣጣይ ነው፣ ብዙ የአሜሪካ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ አለ፣ እሳቱ ካለበት ቦታ ራቁ፣ በር ክፈቱ፣ የኦርጋኒክ ቬፐር ካርትሪጅ (የሶልቨንት ትነትን የሚያስቀር ማጣሪያ) ያለው ማስክ አድርጉ፣ የአቧራ ማስክ ለሽታው ምንም አይሰራም።

አሁን ወደ ሮኬቱ። እንደ ኤስቲስ ያሉት ኪቶች (ካምፓኒው ከ1958 ጀምሮ ያለ የኮሎራዶ ድርጅት ነው) የካርቶን ቱቦ፣ የባልሳ እንጨት ክንፍ እና የፕላስቲክ አፍንጫ ነው ያላቸው፣ ሶስቱም ቀለም የሚጠጡት በተለያየ መንገድ ነው። ባልሳው እንደ ስፖንጅ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሳንዲንግ ሲለር (የእንጨቱን ቀዳዳ የሚደፍን ቅብ) ወይ ሙላት ያለው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ይፈልጋል። ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ስለሚኖረው በሳህን ሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከዛ ፕራይመር፣ ሲደርቅ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዛ ቀለም። ቢጫ፣ ቀይ ወይ የሚያበራ ብርቱካናማ ለመቀባት ካሰባችሁ ከስሩ ነጭ ፕራይመር ይሁን፣ ግራጫው ላይ እነዚህ ከለሮች ይደበዝዛሉ።

ጣሳ ስትመርጡ ከብራንዱ ስም ይልቅ የሚጠቅመው ከፕራይመር እስከ መጨረሻው አንድ አይነት መስመር (የአንድ ብራንድ አንድ የምርት አይነት) መያዝ ነው። ረስት ኦሊየምም ሆነ ክራይሎን ከአንድ በላይ መስመር አላቸው፣ የየራሳቸው የሪኮት ሰዓትም አላቸው፣ ስለዚህ ባለፈው የሰራላችሁ ቁጥር ለአሁኑ ጣሳ ላይሰራ ይችላል። ላከርን ኢናሜል ላይ መደረብ ትልቁ ችግር ነው፣ የላከር ሶልቨንት ሃይለኛ ስለሆነ 48 ሰዓት የጠበቀውን ኢናሜል ሳይቀር ሊያነሳው ይችላል። በተቃራኒው ኢናሜል የደረቀ ላከር ላይ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። መጨረሻ ላይ የሚቀባው ክሊርም (ከለር የሌለው ግልጽ ሽፋን) ቀለም ነው፣ እሱም እዚሁ ህግ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ጥርጣሬ ካለ የተረፈ የካርቶን ቱቦ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

አቀባቡ ላይ ጣሳውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንቀጫቀጭ ከጀመረች በኋላ ሙሉ 1 ደቂቃ ናጡ፣ ከ25 እስከ 40 ሳንቲሜትር ራቁ፣ መርጨቱን ከሮኬቱ ውጪ ጀምራችሁ ከሮኬቱ ውጪ ጨርሱ። የመጀመሪያው እጅ ስስ ነው፣ ስሩ ቢታይም ምንም አይደል። 10 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ስስ እጅ፣ 10 ደቂቃ፣ ሶስተኛው ትንሽ እርጥብ ያለ። ይሄ ሁሉ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ቀጭን መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም፣ ወፍራም እጅ ስሩ ሳይደርቅ ስለሚቆይ የክልክሉን ሰዓት ያረዝመዋል፣ በዛ ላይ ቀለም ክብደት አለው፣ ክንፎቹ ደግሞ ጭራው ላይ ናቸው፣ እዛ ላይ ቀለም ሲከመር የሮኬቱ የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ወደ አፍንጫው ቀደም ብሎ ሲገኝ ነው።

ሪኮት ዊንዶው እውነተኛ ፈተና የሚሆነው ሁለት ከለር ሲመጣ ነው። ሰው ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሮኬት ሳተርን 5ን የመሰለ ነጭና ጥቁር ፈለጋችሁ እንበል (እዛ ላይ ጥቁሩ ለጌጥ አልነበረም፣ ሮኬቱ ሲሽከረከር በካሜራ ለመከታተል ነው የተቀባው)። ነጩን ሶስት እጅ በ1 ሰዓት ውስጥ ጨርሱ፣ ከዛ ሮኬቱን ሁለት ቀን እርሱት። ማስኪንግ ቴፑም ራሱ የደረቀ ቀለም ነው የሚፈልገው፣ አለበለዚያ ሲላቀቅ ነጩን ይዞት ይነሳል። ቴፑን ለጥፋችሁ ጠርዙን በጥፍር ጫኑት፣ ከዛ ከጥቁሩ በፊት ጠርዙ ላይ በጣም ስስ ነጭ ንፉበት፣ በቴፑ ስር የሚሾልክ ነገር ካለ ነጩ ነጭ ላይ ሾልኮ ክፍተቱን ይዘጋዋል። አሁን ሰዓቱ እንደ አዲስ ጀመረ ማለት ነው፣ ጥቁሩን በዛው 1 ሰዓት ውስጥ ጨርሱ፣ ቴፑንም ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በቀስታ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ሳቡት።

የአፍንጫውን ቱቦ ውስጥ የሚገባ ክፍልና ሞተሩ የሚገባበትን ቀዳዳ በቴፕ መሸፈን አትርሱ፣ ቀለም እዛ ከገባ አፍንጫው ይጠብቃል፣ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ፍንዳታ ደግሞ አፍንጫው በቀላሉ እንዲለቅ ነው የሚፈልገው።

ከተጨማደደስ? በእርጥቡ አትንኩት፣ በጨርቅና በቲነር ለመጥረግም አትሞክሩ፣ ቲነሩ የፕላስቲክ አፍንጫውን ይበላዋል፣ ካርቶኑንም ያረጥበዋል። ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ሽታው ጠፍቶ ጥፍር የማይቀበል እስኪሆን ሳምንትም ቢፈጅ ተዉት፣ ከዛ የተጨማደደውን በ220 አስተካክሉ፣ በ400 አለስልሱ፣ እዛ ቦታ ላይ ብቻ ስስ ፕራይመር ስጡትና ሰዓቱን ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ።