ስፓኒንግ ትሪ ምንድን ነው? ኬብል አባካኝስ ነው?

ስፓኒንግ ትሪ ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኙ ሳጥኖች) ክብ ሠርተው ሲያያዙ መልእክት ያለ ማብቂያ እንዳይዞር የሚከላከል ደንብ ነው። «ስፓኒንግ ትሪ አንዱን ኬብል ሥራ ያስፈታል፤ አጥፉትና ኔትወርካችሁ ይፍጠን» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አየሁ። መካሪው ዝም ያለውን ኬብል አይቷል። ለምን ዝም እንዳለ ግን አልጠየቀም።

የዕድር ጡሩንባ ነፊ አስቡ። የሰፈሩ ደንብ፣ መርዶ የሰማ ሁሉ ከነገረው ሰው በቀር ለጎረቤቶቹ በሙሉ ይንፋ ይላል እንበል። ስዊችም ብሮድካስት፣ ማለትም ለሁሉም የተላከ መልእክት፣ ሲደርሰው ከመጣበት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) በቀር በሁሉም ያስወጣዋል። ቤቶቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ወሬው ዳር ደርሶ ያልቃል። ሦስት ቤቶች ክብ ከሠሩ ግን ዞሮ መጀመሪያ ወደነፋው ይመለሳል፤ እሱም እንደ አዲስ ይነፋል። ሰው ቢሆን «ሰምቼዋለሁ» ይላል፣ ወይ ይደክመዋል። ስዊች የነፋውን አያስታውስም፣ አይደክመውምም። በኢንተርኔት የሚላከው የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ የሚያስጥለው ቲቲኤል የሚባል ቆጣሪ አለው። ስዊች የሚያስተላልፈው ጥቅል፣ የኢተርኔት ፍሬም፣ ግን ይህ ቆጣሪ የለውም። ስለዚህ ለሁሉም የተላከች አንዲት ተራ ጥያቄ ብቻዋን ኔትወርኩን ታንቀዋለች።

ይህን ክብ፣ ሉፕ የሚባለውን፣ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው። ጠረጴዛ ሥር የተንጠለጠለ ኬብል አይቶ «ውይ፣ ተነቅሏል» ብሎ የሚሰካ።

መፍትሔውን ያመጣችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ስትሠራ። ስዊቾቹ አንድ የዕድር ዳኛ ይመርጣሉ፤ ሩት ብሪጅ ይባላል። ሌላው ሁሉ ወደ ዳኛው የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ይይዛል፤ ክብ የሚሠራው ትርፍ ፖርት ይታገዳል። የታገደ ፖርት አፉ ነው የተዘጋው፤ ጆሮው ክፍት ነው። ከዳኛው በየ2 ሰከንዱ የሚነሳውን መልእክት ይሰማል። 20 ሰከንድ ዝም ካለበት «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ራሱ ወደ ሥራ መግባት ይጀምራል። ባከነ የተባለው ኬብል ይሄ ተጠባባቂ ነው! ሁለቱም ኬብል የሚያገናኙት እነዚያኑ ሁለት ስዊቾች ከሆነና ሁለቱም ይሥሩልኝ ካላችሁ፣ ኬብሎችን እንደ አንድ በሚያስቆጥረው በኤልኤሲፒ አንድ ላይ እሰሯቸው።

ለመካሪው አንድ ነገር ልስጠው፤ የድሮው ስሪት ቀርፋፋ ነው። መንገድ ሲበላሽ እስከ 50 ሰከንድ ያስጠብቃል። ኮምፒውተር ሲሰካም 30 ሰከንድ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈጣኑ ስሪት፣ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ የመጣው ለዚህ አይደል? ኮምፒውተር ብቻ የሚሰካበትን ፖርት ደግሞ ኤጅ (ሳይጠብቅ ወዲያው ሥራ የሚጀምር የዳር ፖርት) አድርጉት፤ የስዊች አምራቹ ሲስኮ ፖርትፋስት ይለዋል።

ሳትጠይቁኝ ልጨምር። የዳኛ ምርጫውን ለዕድል አትተዉት። ዳኛ የሚሆነው ትንሹን ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር) የያዘው ነው። ቁጥሩ ሳይነካ ሁሉም 32768 ነው፤ እኩል ሲሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የሚሰጥ የዕቃው መለያ ቁጥር) ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ያ የማን ነው? ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣው አሮጌ ስዊች! ሽማግሌ ማክበር ደግ ነው፤ የኔትወርኩ ትራፊክ ብዙው በሱ በኩል ይለፍ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የዋናውን ስዊች ፕራዮሪቲ 4096 አድርጉት።

ከሱቅ የሚገዙት ርካሽ ስዊቾች ደግሞ አብዛኞቹ ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ነገር አያውቁም። ሠራተኛ አንዱን ከቤቱ አምጥቶ ሊሰካ ስለሚችል ኤጅ ባደረጋችሁት ፖርት ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ አብሩ፤ የስፓኒንግ ትሪ መልእክት (ቢፒዲዩ) በዚያ ፖርት ከገባ ፖርቱን ይዘጋዋል።