ስናሩ ለምን አልሞት አለ?

ሞረትና ጅሩ ላይ ስንዴ የሚዘራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ የአረም መድኃኒት ተረጭቶም ስናሩ፣ ያ አጃ የሚመስለው የሣር አረም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ የረጫችሁትን እዩ። ቱ ፎር ዲ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ድሮም ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንጂ ስናርን አይገድልም።

የሣር አረም ገዳይ ረጭታችሁ፣ መጠኑም ጊዜውም ልክ ሆኖ፣ አንዱ ስናር ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ አጠገቡ ያለው ምንም ካልመሰለው ግን መድኃኒቱ የማይገድለው ስናር እንዳለ ጠርጥሩ። ስናሩ እየቆየ መድኃኒቱን ለምዶት አይደለም። በተፈጥሮው ለየት ያለ ጥቂት ድሮም ማሳው ውስጥ ነበረ፤ ሌላው ሲሞት እሱ ከስንዴው ቀድሞ ዘሩን ያራግፋል፣ በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ስትረጩ ማሳው የእሱ ልጆች ይሆናል።

እንዴት ይተርፋል? መድኃኒቱ አረሙ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም (የአረሙን የውስጥ ሥራ የሚያካሂድ ፕሮቲን) ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስቆማል። የአንዳንዱ ስናር ኢንዛይም ቅርጹ ትንሽ ስለሚለይ መድኃኒቱ አይዝለትም። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱን ሰባብሮ ያመክነዋል፤ ስንዴው ራሱ የሚተርፈው በዚሁ ዘዴ ነው! ይሄኛው ይብሳል፣ ቀምሶት የማያውቀውን መድኃኒትም ሊሰባብር ይችላላ።

ስለዚህ ሌላ ስም ያለው ጠርሙስ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ሌላ፣ አሠራሩ ያው ነው። ስንዴውን ከባቄላ ወይም ከምስር ጋር አፈራርቁ፣ የተረፈውንም ስናር ዘሩ ሳይረግፍ በእጅ ንቀሉ።