«ያ ቀልድ ከእስልምና አስወጥቶኝ ይሆን?»

አንድ ልጅ ቀን ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨዋወት ይስቃል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። «ያ ያሳቀኝ ነገር ኩፍር (ከእስልምና የሚያስወጣ ክህደት) ቢሆንስ?» ይላል። ተነስቶ ገላውን ይታጠባል፣ እንደገና ሸሃዳ (የእስልምና የእምነት ምስክርነት) ይይዛል። በማግስቱም ያው ነው። እንዲህ የሚሰቃዩ እህት ወንድሞች አሉ፤ አፍረው ለማንም አይናገሩም። ለእነሱ ነው የምጽፈው።

«ስለ አላህ የሚያስፈራ ሐሳብ መጣብኝ፤ ኢማኔ (እምነቴ) ጠፋ።»

አልጠፋም። የነቢዩ ባልደረቦች የሆኑት ሰሃቦችም ገጥሟቸዋል። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው «ለመናገር እንኳ የሚከብደን ነገር በልባችን ይመጣል» አሏቸው። «እውነት ይህን አገኛችሁ?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» አሉ። «ይህ ግልጽ ኢማን ነው» አሏቸው። ሐዲሱ ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መድበል ውስጥ አለ። ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ሲያብራሩት፣ ኢማን የተባለው ሐሳቡ ሳይሆን ሐሳቡን መጥላታቸው ነው ይላሉ። እባካችሁ ይቺን ደግማችሁ አንብቧት። የተጨነቃችሁት ልባችሁ ስላልተቀበለው ነው።

«አፌን ቢያዳልጠኝም ኩፍር ኩፍር ነው።»

በረሃ ላይ ግመሉ ስንቁንና ውሃውን እንደጫነች የጠፋችበት ሰው ነበር። ተስፋ ቆርጦ ዛፍ ጥላ ሥር ተኛ። ድንገት አጠገቡ ቆማ አገኛት። ልጓሟን ይዞ «አላህ ሆይ! አንተ ባሪያዬ ነህ፣ እኔም ጌታህ ነኝ» አለ። ከደስታው ብዛት ተሳሳተ። ነቢዩ ይህን የተናገሩት ሰውየውን ለመኮነን አይደለም። አላህ በባሪያው ተውበት (ንስሐ) ከዚህ ሰው የበለጠ እንደሚደሰት ሊነግሩን ነው። ከዚህ የከበደ የአፍ ስህተት ከየት ይመጣል?

ተገድዶ የተናገረም እንዲሁ ነው። ልቡ በኢማን የረጋ ከሆነ የቁርአን ሱረቱ ነሕል አንቀጽ 106 ነጻ አድርጎታል።

«ለቀልድ ነው ያልኩት፤ ምንም የለበትም።»

ይህ ደግሞ በሌላ በኩል ያለ ስህተት ነው፤ ቀላልም አይደለም። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በተቡክ ዘመቻ፣ አንዳንድ ሰዎች በነቢዩና በሰሃቦቻቸው ተሳለቁ። ሲጠየቁ «ስንጫወት ነው» አሉ። ሱረቱ ተውባህ 65 እና 66 ሰበባቸውን አልተቀበለም። እያወቁ በአላህ፣ በአንቀጾቹና በመልዕክተኛው ማላገጥ «ቀልድ ነው» ስለተባለ አይቀልም። ይህን ያደረገም ቢሆን የተውበት በር አልተዘጋበትም።

«እንግዲያው ቀልድ ሁሉ አደጋ ነው።»

ነቢዩ ራሳቸው ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው መጓጓዣ ሲለምናቸው «የግመል ልጅ ላይ እንጭንሃለን» አሉት። ሰውየው ግራ ገባው፤ ግልገል ምን ያደርግልኛል ብሎ። «ግመልን ግመል አይደለች የምትወልደው?» አሉት።

«እገሌ እንዲህ ስላለ ካፊር (ከሃዲ) ነው።»

ተዉት። ወንድሙን «ካፊር» ያለ፣ ቃሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይመለሳል። የአንድን ሰው ጉዳይ መፍረድ የዑለማዎች ሥራ ነው።

«ለጥንቃቄ ሸሃዳውንም ኒካሑንም (የጋብቻ ውሉንም) ላድስ።»

በእርግጠኝነት የጸና እስልምና በጥርጣሬ አይፈርስም። ባደሳችሁ ቁጥር ወስዋሱ (የሚመላለሰው ጥርጣሬ) ይጠነክራል። የነቢዩ ምክር አጭር ነው፦ በአላህ ተጠበቁ፣ ሐሳቡን መከተልም አቁሙ። የምታምኑትን አንድ ኡስታዝ አንዴ ጠይቁ፤ መልሱን ያዙ፣ ሌላ ጋ አትዙሩ። ቀናችሁን ሁሉ ከበላው ግን ሐኪሞች ኦሲዲ (OCD) የሚሉት፣ ሐሳብና ድርጊት ያለ ፈቃድ የሚደጋገምበት ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሕክምና አለው።