የጎሽ ደም የሚናገረው፦ በዱር እንስሳት ላይ የሚደረግ የአንቲቦዲ ምርመራ

ደስታ በሽታ ስሙን አይመስልም። በ1887 በምጽዋ በኩል ገባ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከብቱን ፈጀው፤ በሬ ያጣ ገበሬም ማረስ ተሳነው። ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ቫይረሱ ግን በከብት ብቻ አላበቃም። ጎሹንም፣ አጋዘኑንም፣ ከርከሮውንም ጨረሰ።

በኋላ ክትባት ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ የሠራው ክትባት ከብቱን ታደገ፤ ግን ምርመራውን አወሳሰበው። ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ የሚሠራው አንቲቦዲ ደም ውስጥ ይቀራል። የተከተበውም የታመመውም ከብት ይኸው አንቲቦዲ ይገኝበታል፤ መለየት አይቻልም። ጎሽን ግን ማንም አይከትበውም። አንቲቦዲ ከተገኘበት ቫይረሱን በእውነት አግኝቶታል ማለት ነው።

ዕድሜው ደግሞ ወሳኝ ነው። የሦስት ዓመት ጎሽ አንቲቦዲ ካለው፣ ቫይረሱ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው አልፏል። ጨቅላ ጥጃ አይታመንም፤ የእናቱን አንቲቦዲ ከእንገር ጋር ጠጥቶታል። በታንዛኒያው ሰረንጌቲ ፓርክ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። በዙሪያው ያሉ ከብቶች ሲከተቡ፣ ከ1963 በኋላ በተወለዱት ዊልደቢስቶች (የቆርኬ ዘመድ ናቸው) ላይ አንቲቦዲው ጠፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሦስት መቶ ሺህ እንኳ የማይሞሉት እንስሳት በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሚሊዮን አለፉ።

ደሙን መቅዳት ቀላል አይደለም። ጎሹ ኢቶርፊን በሚባል ማደንዘዣ ከርቀት ይወጋል። ሲወድቅ ዐይኑን ይሸፍኑታል፤ ሆዱ እንዳይነፋም በደረቱ ያስተኙታል። አንዱ ከአንገቱ ደም ይቀዳል፤ ሌላው ዕድሜውን ለማወቅ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ከዚያ ማርከሻ ይወጋና ሁሉም ወደ መኪናው! የነቃ ጎሽ ቀልድ አያውቅም።

ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ያላት የፕላስቲክ ሳህን አለች። ምርመራው ኤላይዛ ይባላል። በተለይ ተሻሚ በሚባለው ዓይነት፣ የእንስሳው አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ከተዘጋጀው ጋር ቦታ ይሻማል። ቀለም የሚሰጠው የላቦራቶሪው ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ከደመቀ የእንስሳው አንቲቦዲ የለም፤ ከደበዘዘ አለ። መጀመሪያ ላይ ግልባጭ ይመስላል። ትልቁ ጥቅሙ ለጎሽም ለቀጭኔም ያው መሆኑ ነው፤ ለየዝርያው የተለየ መመርመሪያ አይፈልግም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያው ጻቮ ጎሾች ሞቱ፤ አጋዘኖችም ዐይናቸው ጠፋ። በአካባቢው ከብት ላይ ግን በሽታው ቀለል ያለ ስለነበር ብዙም አልታወቀም። በዓለም የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየውም በ2001 ኬንያ ውስጥ ሜሩ ፓርክ ነው፤ በጎሽ ላይ። ከዚያ ለዓመታት ደቡብ ሶማሊያን፣ የእኛን ደቡብና ሰሜን ምሥራቅ ኬንያን የሚያካልለው ሜዳ ተፈተሸ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

አሁን ተረኛው በግና ፍየል የሚገድለው ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ ነው። እስከ 2030 ለማጥፋት ታቅዷል። በሞንጎሊያ በ2017 ሳይጋ የሚባሉትን የዱር እንስሳት በሺዎች ገድሏል። በሰረንጌቲ ግን ጎሾችና ኢምፓላዎች አንቲቦዲውን ይዘው ተገኙ፤ የታመመ ግን አልታየም። ቫይረሱን ያገኙት አብረዋቸው ውሃ ከሚጠጡት ፍየሎች ሳይሆን አይቀርም።